ለጠያቂዋ እናት፦ ስለሚጥል በሽታ ማንን ልስማ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «የ9 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት ተባልኩ፤ ስልኬ ላይ የማነበው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ እዚህ ጅማ ሆኜ እውነተኛ መረጃ ከየት ላግኝ?» ነው ያልሽው። የዛሬ 7 ዓመት የነበርኩትን እኔን ነው ያየሁት። የኔም ልጅ ያኔ 9 ዓመቱ ነበር።

በሽታው ምን እንደሆነ አላወራም፤ እሱን ነግረውሻል። ማንን ማመን እንዳለብሽ ግን ማንም አይነግርሽም። በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ስልክሽ ላይ «የሚጥል በሽታ» ብለሽ አትፈልጊ። እኔ እንዲያ ስፈልግ የሚመጣልኝ ሰው ላይ መንፈስ ሲጮህ የሚያሳይ ቪዲዮና «በ7 ቀን ከሥሩ ይነቀላል» የሚል ማስታወቂያ ነበር። በሐኪሞቹ ስሙ «ኢፒለፕሲ» ብዬ ስጽፍ ሐኪሞች መምጣት ጀመሩ። ኬር ኢፒለፕሲ ኢትዮጵያ የሚባል በዚሁ በሽታ ላይ የሚሠራ ድርጅት እንዳለም ያወቅኩት እንዲህ ነው።

2. የሚያወራውን ሰው የምፈትንበት አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው ሲወድቅ ምን አድርጉ ይላል? ክብሪት አሽትቱት፣ ጥርሱ መሃል ማንኪያ አስገቡ፣ እጅ እግሩን ጠፍራችሁ ያዙ ካለ፣ ዝጊው። የቀረውንም አትስሚ። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚለው፦ በጎኗ አስተኚያት፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጊ፣ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቺ፣ ሰዓት ያዢ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ሐኪም ቤት። ይሄን የሳተ ሰው ስለ መድኃኒት እንዲያስተምረኝ አልፈቅድም።

3. «ኪኒኑን አቁሚ» ከሚልሽ ሰው ሽሺ። ቄስም ይሁን ሼህ፣ የሰፈር አዋቂም ይሁን።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። 2011 ዓ.ም. ነው። ልጄ ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ ኪኒን ከጀመረ 5 ወሩ ነበር። 2 ወር ሙሉ አልጣለውም፤ ግን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ይደብተዋል። ሐኪሙን መጠየቅ ሲገባኝ ቴሌግራም ጠየቅኩ። አንዱ በውስጥ መስመር መጣና «የፈረንጅ ኪኒን ልጁን እያደነዘዘው ነው» አለኝ። እኔም የፈራሁት እሱን ስለነበር አመንኩት። 3,500 ብር ላክሁለት። አንድ ብልቃጥ ዱቄት በአውቶቡስ መጣ። ትእዛዙ ዱቄቱን በማር፣ ኪኒኑን ከዛሬ ጀምሮ መተው። ተውኩት።

በ3ኛው ቀን ሊነጋ ሲል ጣለው። ሳይነቃ ደገመው። አሁንም ደገመው። የጅማን የክረምት ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ በዚያ ዝናብ የጎረቤቴን ልጅ ቀስቅሼ በባጃጅ ወሰድነው። ተረኛዋ ሐኪም «መድኃኒት አቋርጧል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ በፍጹም» አልኳት። አፍሬ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል እየዋሸሁ ቆምኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ብሩ አይደለም፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት። በኋላ እያለቀስኩ ነገርኳት። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው እንደዚያ ተደራርቦ ሊነሳ ይችላል፤ የሚቆምም ከሆነ ሐኪም ቀስ በቀስ እየቀነሰው ነው። 4 ቀን ተኛን። እንቅልፉስ? መጠኑን አስተካክለው ማታ ሲተኛ እንዲውጠው አደረጉ፤ ቀለለው። ለ3,500 ብሩ ጥያቄ መልሱ ይሄ ብቻ ነበር! ጸበልማ አሁንም እወስደዋለሁ፤ ኪኒኑን ውጦ።

4. ክትትል የሚያደርጉልሽን ነርስ ያዢ። እኛን የላኩን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። መጀመሪያ ተቆጣሁ። «ልጄ እብድ ነው እንዴ?» ብዬ ካርዱን ይዤ ልመለስ ነበር። አይደለም፤ በአገራችን ይሄን በሽታ ብዙ ጊዜ የሚከታተሉት እዚያ ነው። ከኢንተርኔቱ ሁሉ የበለጠችብኝ እዚያ ያለችው ሲስተር ናት። በሄድኩ ቁጥር 3 ጥያቄ በደብተር ጽፌ እገባለሁ። ሳልጽፍ ስገባ ወረፋው ያስደነግጠኝና ሁሉንም ረስቼ እወጣለሁ። ሲነሳበት በስልክ ቅረጪው ያለችኝም እሷ ናት፤ ቪዲዮው ከኔ አፍ ይልቅ ብዙ ነገራቸው። ኢኢጂው፣ ማለትም የአንጎሉ ምርመራ፣ ምንም አላሳየም ሲሉን ባለቤቴ «ተሻለው ማለት ነው» ብሎ በግ ሊያርድ ነበር። ሲስተር ናት ኢኢጂ ንጹሕ ቢሆንም በሽታው ሊኖር ይችላል ብላ ያስቆመችው።

አማቴ ደግሞ አረፋው ይተላለፋል ብለው ለልጁ ኩባያ ለይተው ነበር። እኔ በአማርኛ አንድ ዓመት ስጨቀጭቃቸው ንቅንቅ አላሉም። ሲስተር በስልክ በኦሮምኛ 10 ደቂቃ አስረዳቻቸው። በማግስቱ ኩባያው ከሌሎቹ ጋር ተደርድሯል። እኔን ቅር አለኝ፣ ግን ሠራ።

ቁጥሩ ስንት ደርሶ ነበር? ተዪው። ትምህርት ቤቱን ልንገርሽ። ስሙን አልጠራም። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው በር ላይ 2 ሰዓት አስቁሞኝ ሲያበቃ «ሌሎቹን ልጆች እንዳያስይዝ» አለኝ። የተማረ ሰው! የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስለነበረች የዓለም ጤና ድርጅትን ገጽ አትማ በአማርኛ ተረጎመችልኝ። በሽታው አይተላለፍም ይላል። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ገደማ ሰው አለበት፤ በትክክል ከታወቀና ከታከመ እስከ 70 በመቶው ሳይጥለው መኖር ይችላል ይላል። ይዤ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ አገላብጦ አየና «ማኅተም የለውም» አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሱ ማኅተም ሊያደርግለት ኖሯል! ከክትትል ክፍሉ በ3 መስመር ተጽፎ ማኅተም የተመታበት ወረቀት አመጣሁ። «እሺ ይግባ» አለ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ። ስለዚህ ለራስሽ ዕውቀት ከዓለም ጤና ድርጅት ገጽ፣ ለቢሮ ግን ማኅተም ያለው ወረቀት ያዢ። ዛሬ የዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪዎች እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲገጥማቸው እናቱን ወደኔ ይልካሉ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ያንቺ ሴት ናት። ቫልፕሮየት የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ጽንስን ይጎዳል። ታዞላት ከሆነ፣ ወደፊት ስታድግ እንዴት እንደሚደረግ ከአሁኑ ጠይቂ። ጠይቂ ነው ያልኩሽ፣ ራስሽ እንዳታቆሚባት።

ልጄ አሁን 16 ዓመቱ ነው፤ ኪኒኑን ራሱ ነው የሚውጠው። ለመጨረሻ ጊዜ የጣለው ለ8ኛ ክፍል ፈተና ሲያጠና ያደረ ቀን ነው። እንቅልፍ ማጣት እንደሚቀሰቅሰው ደብተሬ ላይ በቀይ ጽፌው ነበር፤ እሱ አላነበበውም።

ደብተሩን ነገ ፎቶ እያነሳሁ እዚሁ እለጥፍልሻለሁ። ሻይ የፈሰሰበት ገጽ ላይ ያለው የኪኒን መጠን የልጄ ነው፤ እሱን እንዳትገለብጪ።