«ሳይኮሎጂካል ኢቫሉዌሽን አሠሪ ተባልኩ» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የአሳይለም (የጥገኝነት) ኬዝሽ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ነው። ጠበቃሽ የሥነ ልቦና ምርመራ አሠሪ ብላሻለች። «እብድ ናት ልትል ነው ወይ? ግሪን ካርዴን አያበላሽብኝም? ስንት ያስከፍላል? ወንድሜ ቢያስተረጉምልኝስ?» ብለሻል። እኔ በራሴ ኬዝ አልፌበታለሁ። ከዚያ ወዲህም እዚህ ዋሺንግተን አካባቢ ለጠበቆችና ለባለሙያዎች አስተረጉማለሁ። ጠበቃ ስላልሆንኩ የሕጉን ነገር መልሰሽ ጠበቃሽን ጠይቂ።

እብድ ናት ያለ የለም። ይሄ ምርመራ ሕክምናም አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ታናግርሻለች፣ ታዳምጥሻለች፣ ያየችውን ጽፋ በመሐላ ትፈርማለች። ወዳጅሽ ሆና አትጽፍልሽም፤ የራሷን ስምና ላይሰንስ አስይዛ ነው የምትፈርመው። ሪፖርቱ ክብደት የሚያገኘውም ከዚህ ነው።

ለምን ያስፈልጋል ካልሽ፣ ዳኛው የሚያይሽ ለጥቂት ሰዓት ነው። የደረሰባትን ስትናገር ፊቷ ድንጋይ የሚሆን ሴት አለች። ሲጨንቀው የሚስቅ አለ። ቀኑንና ቅደም ተከተሉን የሚያምታታም አለ። ከ2005ቱ ሪል አይዲ ሕግ ወዲህ ደግሞ ዳኛው የአነጋገርሽን ሁኔታም ሆነ ትንሽ የቃል መጣረስን አይቶ «አላመንኩሽም» ማለት ይችላል። ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ለምን እንደሚረሳ፣ ለምን እንደሚደነዝዝ ሊያስረዳ የሚችለው ባለሙያ ነው። ሌላው የአንድ ዓመቱ ጉዳይ ነው። አሳይለም አሜሪካ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ከደረሰበት ነገር የመጣ የአእምሮ ጉዳት ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን እንዲህ ያለ ሪፖርት ነው።

ፊዚሺያንስ ፎር ሂውማን ራይትስ የሚባል ድርጅት አለ። ከ2008 እስከ 2018 በእሱ በኩል የተመረመሩ ሰዎችን ያየ ጥናት፣ 81.6 በመቶዎቹ ጥበቃ እንዳገኙ ይናገራል። የአገር አቀፉ መጠን ያኔ 42.4 በመቶ ነበር። ይሄን ቁጥር አይቶ «ወረቀቱን ካገኘሁ በቃ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እነዚያ ሰዎች መጀመሪያውኑ ጠበቃ ያላቸው፣ ኬዛቸው ጠንካራ ነው ተብሎ የተላኩ መሆናቸውን አትርሺ።

ግሪን ካርዱን በተመለከተ፣ ፒቲኤስዲ (ከከባድ ጉዳት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት) ወይም ድብርት አለብሽ መባሉ ብቻውን አያስከለክልሽም። የጤናው ክልከላ የሚመለከተው ራስን ወይም ሌላን ከሚጎዳ ባህርይ ጋር የተያያዘ ሕመምን ነው።

አሁን የት ትሄጃለሽ? በራስሽ ፈልገሽ ከመሄድሽ በፊት በጠበቃሽ በኩል ጀምሪ። ነጻ ምርመራ የሚያስገኙ ድርጅቶች ጥያቄ የሚቀበሉት በአብዛኛው ከጠበቃ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥም በሕክምና ተማሪዎችና በበጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች የሚሠሩ ክሊኒኮች አሉ። እዚህ ዋሺንግተን ደግሞ ታስክ (TASSC) አለ። በ1998 የተመሠረተ፣ ከስቃይ የተረፉ ሰዎችን የሚረዳ ድርጅት ነው፤ ሐበሻ ብዙ ያውቀዋል። በጠበቃ በኩል መሄድ ሌላም ጥቅም አለው። ሪፖርቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሷ ነው። አይታው ካልጠቀመሽ አለማስገባት ትችላለች። ባለሙያዋ ምን እንድትመልስ እንደሚፈለግም ጠበቃዋ ቀድማ ትጽፍላታለች፤ ጥያቄው የመዘግየቱ ነገር ነው ወይስ የማስታወስ ችግሩ? ያለዚያ ረጅም ታሪክ ተጽፎ፣ ዋናው ነጥብ ሳይነሳ ይቀራል።

የግል ባለሙያ ዋጋ ይለያያል። ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቅ አለ፣ ከሺህ በላይ የሚጠይቅም አለ። ከመክፈልሽ በፊት የኢሚግሬሽን ኬዝ ሠርታ ታውቅ እንደሆነ ጠይቂ። ዳኛው ቢፈልጋት በስልክ ወይም በቪዲዮ ትመሰክር እንደሆነ፣ ለዚያ ለብቻ ታስከፍል እንደሆነም ጠይቂ። «ሳታናግሪ ደብዳቤ አወጣልሻለሁ» የሚል አስፈጻሚ ካጋጠመሽ ግን ሽሺ። የሌላ ሰው ስም መሐሉ ላይ ሳይጠፋ የቀረበት ሪፖርት በዓይኔ አይቻለሁ። አውቆ የሐሰት ማመልከቻ ማስገባት ደግሞ እስከ ዘላለሙ ከኢሚግሬሽን ጥቅም ያግዳል።

ቃለ ምልልሱ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አንዳንዴም በሁለት ቀን ይከፈላል። ከልጅነትሽ ትጀምራለች። ቤተሰብ፣ ትምህርት፣ በፊት የነበረሽ ጤና። ከዚያ የደረሰብሽ ነገር፣ ከዚያ አሁን ያለሽበት ሁኔታ። እንቅልፍ፣ ቅዠት፣ ምግብ፣ ድንጋጤ፣ ሰው መሸሽ። መጠይቅም ትሞያለሽ።

የኛ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቸገረው። «እንዴት ነሽ?» ስትባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። «እንቅልፍስ?» «ምንም አይል፣ ተመስገን።» ሌሊቱን ስትባንን አድራ የመጣች ሴት ናት እኮ! ያደግንበት ነው፣ ለባዕድ ሰው ገመናችንን አናወጣም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ያልተናገርሽው ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል። ጠበል ተጠምቀሽ ከሆነ ተናገሪ፣ ዱዓ ተደርጎልሽ ከሆነም ተናገሪ፤ እርዳታ ፍለጋ ምን ያህል እንደሄድሽ ያሳያል። በተቃራኒው ደግሞ ለማሳመን ብለሽ አትጨምሪ። አንዳንዶቹ መጠይቆች ማጋነንን ለመለየት የተሠሩ ናቸው። የማታስታውሺውን «አላስታውስም» በይ። ለቅሶ ካልመጣም በግድ አታልቅሺ። ባለሙያዋ የምትጽፈው ምልክቶችሽ ከተናገርሽው ጋር መስማማት አለመስማማታቸውን ነው። ለዚህ የሚጠቀሙበት የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባል የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ «አይስማማም» ከሚለው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ያስቀምጠዋል። ሰውነትሽ ላይ ጠባሳ ካለ ደግሞ ሐኪም ለብቻ ያየዋል፤ ለጠበቃሽ ንገሪያት።

ስለ መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርም። እውነቱን መልሺ። አስቤ አውቃለሁ ማለት በራሱ ሆስፒታል አያስገባሽም፤ እርምጃ የሚወሰደው አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆንሽ ነው። ደግሞም አሁን እንዲህ ያለ ሐሳብ ካለብሽ ምርመራውን አትጠብቂ፤ ራስን ስለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች ወደተዘጋጀው የስልክ መስመር፣ 988 ደውዪ። አስተርጓሚ በስልክ ያገናኙሻል።

መጠጥና ጫትም ይጠየቃል። አገር ቤት ጫት መቃም ምንም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከተከለከሉ ዕፆች ምድብ ነው። እዚህ ቅመሽ ከሆነ ቀድመሽ ከጠበቃሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ሪፖርት ላይ ሰፍሮ ስታየው እንዳትደነግጥ።

ቀጠሮው በቪዲዮ ከሆነ ቦታው ላይ አስቢበት። ብዙዎቻችን ቤዝመንት ተጋርተን ነው የምንኖረው። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ካለ ማን ይናገራል? የጠበቃሽ ቢሮ ክፍል ካላት እዚያ ሆነሽ አድርጊው። ጾም ከያዝሽ ሰዓቱን አስተካክዪ፤ ባዶ ሆድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ እስር ማውራት ራስ ያዞራል። በዚያን ቀን ማታ ኡበር አትንጂ፣ የሌሊት ሺፍትም አትግቢ። ከምርመራው በኋላ ለጥቂት ቀናት ቅዠቱ ሊብስ ይችላል።

የቀኑ ነገር ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ጥቅምት 2009 ታሰርኩ» ብለሽ አስተርጓሚው «ኦክቶበር 2009» ቢለው፣ ሰባት ዓመት ሄደ ማለት ነው። አንቺ ያልሽው 2016ን ነበር። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» ያልሽውም በፈረንጅ ሰዓት የምሽት ስምንት ሆኖ ይጻፋል። ሁሌም «በኛ አቆጣጠር» ብለሽ ጀምሪ። ሪፖርቱ ረቂቅ ሲደርስ ጠበቃሽ በአስተርጓሚ ታስነብብሽ። ቀን፣ ስም፣ ቦታ፣ የእስር ብዛት፣ ሁሉንም ከአይ 589 ፎርሙ (ከአሳይለም ማመልከቻሽ) እና ከዲክላሬሽንሽ (በጽሑፍ ከሰጠሽው ቃል) ጋር አስተያዩት። በድንበር የገባሽ ከሆነ የመጀመሪያው ቃለ ምልልስሽ ተጽፎ ፋይልሽ ውስጥ አለ፤ እሱንም ጨምሩ። ስህተት ካለ ይታረማል። የባለሙያዋን አስተያየት ግን «እንዲህ ብለሽ ቀይሪልኝ» ማለት አይቻልም።

አሁን ወንድምሽ። አይሆንም። የተማረ ነው፣ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው ብለሻል፤ ችግሩ ቋንቋው አይደለም። እሱ ፊት የማትናገሪው ነገር ይኖራል። ቢኖርም ባይኖርም፣ ዘመድ ያስተረጎመው ነገር ፍርድ ቤት ጥያቄ ያስነሳል። ከፈለግሽ ሴት ባለሙያና ሴት አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ነውር አይደለም። «ሐበሻ አስተርጓሚ ወሬ ያወጣብኛል» ብለሽ ከፈራሽ፣ ሌላ ስቴት ያለ የስልክ አስተርጓሚ ይቻላል። ከአማርኛ ይልቅ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሚቀልሽ ከሆነም አሁኑኑ ተናገሪ። አስተርጓሚው ከየት ወገን ነው የሚለው ስጋት ካለብሽ ለጠበቃሽ በግልጽ ንገሪያት፤ ከኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምትሰማው ነገር ነው። ወንድምሽ በመኪና ያድርስሽ፣ ሲያልቅ መጥቶ ይውሰድሽ።

የፍርድ ቤት ቀንሽን አልጻፍሽም። ማስረጃ የሚገባው ከዋናው ችሎት ቀደም ብሎ ነው፣ ነጻ ምርመራ ደግሞ ወረፋው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። የመጨረሻው የማስገቢያ ቀን መቼ እንደሆነ ነገ ጠዋት ለጠበቃሽ ደውለሽ ጠይቂያትና እዚሁ ጻፊልኝ።