ለትናንት ተማሪዎቼ፣ ለዛሬ ወላጆች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

በቅርቡ ደሴ ፒያሳ ላይ ያገኘችኝ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ እናት ሆና፣ «ጋሼ፣ የልጄ ልብስ ሀሺሽ ሀሺሽ ይለኛል፤ ቦርሳውን ልበርብረው?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጣት ብንለያይም ጥያቄዋ ለብዙ ዓመታት የሸሸሁትን ነገር ቀስቅሶ እንቅልፍ ነሳኝ።

የ10ኛ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ባዮሎጂ በማስተምርበት ዘመን፣ አንድ ዝምተኛ ተማሪዬን ከክፍሎቹ ጀርባ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ሀሺሽ ሲያጨስ አገኘሁትና ነጥቄ አጠፋሁበት። ስፈታው የተጠቀለለበት ወረቀት ከራሱ ደብተር የተቀደደ ነበር፤ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» ብዬ የጻፍኩለት ቃል ግማሹ ተቃጥሏል። ይህን አይቼ እንኳ ከማን እንደገዛው እንጂ ለምን እንደሚያጨስ አልጠየቅኩትም። በማግሥቱ በሰልፍ ላይ፣ በተማሪ ሁሉ ፊት አቆምኩት፤ ጋቢውን ደርቦ ከገጠር የመጣው አባቱ «መምህር፣ ምን ላድርገው?» ሲለኝም «ይቅጡት» ከማለት በቀር ምክር አልነበረኝም። ቀጣው። በሳምንቱ ልጁ ኮምቦልቻ ወርዶ በጂቡቲ መስመር የጭነት መኪና ረዳት ሆነ መባሉን ሰማን፤ በስም መጥሪያው ላይ «ያቋረጠ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ። ያሳደገችው እህቱ ጅዳ ከሄደች ወዲህ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋ እንደነበር እናቱ የነገረችኝ ከዚያ በኋላ፣ ሰኞ ገበያ አግኝታኝ ነው።

ሀሺሽ (ካናቢስ) ለጊዜው እንቅልፍ የሚያመጣ ቢመስልም፣ አዘውትሮ ያጨሰ ልጅ ሲያቆም እንቅልፉ ይረበሻል፣ ይነጫነጫል፣ ምግብ ይዘጋዋል፤ ይህም በመጀመሪያው ሳምንት ጠንክሮ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እየቀለለ ይሄዳል። ወላጅ ግን ብልግና መስሎት ዱላ ሲያነሣ ልጁ ወደ ጢሱ ይመለሳል። አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ መጎልመሱን ስለማይጨርስ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚጀምር ልጅ በቀላሉ በሱስ ይያዛል፤ ጥናቶች ከ6ቱ አንዱ ያህል ይሆናል ብለው ይገምታሉ። በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ካለ የልጁም አእምሮ የመታወክ አደጋው ይከፋል፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ከጀመረ ፀበሉንም ዱዓውንም ሳትተዉ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

የዛሬ ልጆች ምስጢራቸውን ከሰው ይልቅ ለስልካቸው መስጠታቸው ያሳዝነኛል። ነገር ግን በርጫ ላይ ተቀምጠን ጫት እየቃምን «ሱስ አትልመድ» የምንላቸው እኛው ነን።

ልጄ፣ ቦርሳውን አትንኪ ልልሽ ነበር፤ ሳስበው ግን የ15 ዓመት ልጅ ነው፣ ከሰጋሽ በርብሪው። ያገኘሽውን ይዘሽ ወደ አባቱ ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሮጥሽ በፊት ግን ቡና አፍይና ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ፤ ስለ ሀሺሹ ከማንሣትሽ በፊትም «ሌሊት ትተኛለህ ወይ?» ብለሽ ጠይቂው።