አካል ጉዳት ያለባቸው ሴቶችና የጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ 52 ዓመታቸው ነው፤ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። «ማሞግራም (የጡት ራጅ) የሚነሣው ቆሞ ነው» ተብለን ተመለስን። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ተቀምጦም ይነሣል። የማሽኑ ክንድ ዝቅ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ዊልቸሩ ነው። የክንድ ማሳረፊያው ካልተነቀለ ደረታቸው ወደ ማሽኑ አይጠጋም፤ መደገፊያው ወደ ኋላ ያዘነበለ ከሆነ ደግሞ ከደረት ጋር የተያያዘው የጡት ክፍል ከምስሉ ውጭ ይቀራል። ማሳረፊያው የሚነቀል ዊልቸር ይዛችሁ ሂዱ፤ ፍሬኑን ያዙ፤ ከጀርባቸው ጠንካራ ትራስ አድርጉ። ለጡንቻ መኮማተር የታዘዘ መድኃኒት ካለ ሰዓቱን ጠብቀው ይውሰዱ። በዕለቱ ብብት ላይ ዲኦድራንትም ሆነ ፓውደር አይቀቡ፤ ቅንጣቶቹ በምስሉ ላይ የበሽታ ምልክት ይመስላሉ።

ለእያንዳንዱ ጡት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ምስል ይነሣል። ከላይ ወደ ታች የሚነሣው ይቀላል፤ ፈተናው ብብትን የሚጨምረው የሰያፍ ምስል ነው፣ በተለይ ክንዳቸው ወደ ላይ የማይነሣ ከሆነ። አንዱ ምስል ካልተሟላ ምክንያቱ በውጤቱ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ የጎደለው ምስል እንደ ንጹሕ ውጤት ይነበባል፤ ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው።

ቀጠሮ ስትይዙ መቆም እንደማይችሉ ተናገሩ፤ የሁለት ሰው ጊዜ እንዲያዝላቸው ጠይቁ፤ ሊፍቱ እንደሚሠራም አረጋግጡ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖረው ያዛል፤ የተበላሸ ሊፍት ግን አዋጁን አያነብም።

ጥያቄ፦ ተኝቶ ስለሚሠራ አልትራሳውንድ አይሻልም?

መልስ፦ እብጠት ከተገኘ ጠቃሚ ነው፤ ለወጣት ሴቶች እንዲያውም ቀድሞ የሚታዘዘው እሱ ነው። ምልክት ለሌላት ሴት ግን ማሞግራምን አይተካም፤ አንዳንድ ካንሰር መጀመሪያ የሚታወቅባቸውን ደቃቅ የካልሲየም ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል።

ጥያቄ፦ መስማት ለተሳናት ሴት አስተርጓሚ ካለ ይበቃል?

መልስ፦ አስተርጓሚው የሚቆምበት ቦታም ይወስናል። ምስሉ ሲነሣ ባለሙያዋ ከመከላከያው መስታወት ጀርባ ናት፤ «ትንፋሽሽን ያዢ» ስትል የታካሚዋ ፊት ወደ ሌላ ዞሯል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ምልክት ይስማሙ፤ ለምሳሌ ዓይኗ በሚያርፍበት አቅጣጫ የእጅ ባትሪ ሲበራ ትንፋሽ መያዝ፣ ሲጠፋ መልቀቅ። አስተርጓሚዋ ሴት ብትሆን ይመረጣል። ልጅ ወይም ባል እንዲያስተረጉም አይደረግ፤ ታካሚዋ ለሐኪም የምትናገረውን ትደብቃለች።

ጥያቄ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባትን እህቴን እኔ ነኝ የምንከባከባት። ሰው ሲነካት ትጮኻለች።

መልስ፦ በግድ አትያዝ፤ አንዴ ከተያዘች ዳግመኛ ክፍሉ ውስጥ አትገባም። አስቀድመው ወስደው ማሽኑን ብቻ ያሳዩአት፤ ጡቷ ለጥቂት ሰከንድ እንደሚጫን በእጅዎ መዳፍ ያሳዩአት። ማለዳ፣ ወረፋ የሌለበትን ሰዓት ይምረጡ። እምቢ ካለች ሌላ ቀን ይሞከር።

በመካከሉ ገላዋን ሲያጥቧት ያስተውሉ፦ አዲስ እብጠት በጡት ወይም በብብት፣ የተሰረጎደ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም ያለበት ፈሳሽ። ሕመሟን በቃል ስለማትነግርዎ አንዱን ጎን መከላከል ከጀመረችም ችላ አይበሉት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጉዳዩ ቅድመ ምርመራ መሆኑ ቀርቷል፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ጋ ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ ማሞግራም በሌለበት ወረዳስ?

መልስ፦ በኢትዮጵያ ሴቶችን በየጊዜው ለማሞግራም የሚጠራ አገር አቀፍ አሠራር ስለሌለ፣ በጤና ጣቢያ ጡትን በእጅ በመዳሰስ የሚደረገው ምርመራ ዋናው መንገድ ነው። ተቀምጣ ብቻ መመርመር በቂ አይደለም፤ ጡት በደረት ላይ የሚዘረጋውና እብጠት በደንብ የሚዳሰሰው ሲተኙ ነው። አልጋው ከፍ ካለ ወለል ላይ ፍራሽ ይነጠፍ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ መስማት ስለተሳነኝ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስጠይቅ ክፈይ አሉኝ።

መልስ፦ አይከፍሉም። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወጪ የተቋሙ ነው፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ፣ ጥያቄዎም በመዝገብ ይስፈር። አማካይ ስጋት ላላቸው (ከሌሎች የተለየ የጡት ካንሰር ስጋት ለሌለባቸው) ሴቶች ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም እንዲነሡ ይመከራል። የውጤት ደብዳቤ በ30 ቀን ውስጥ ሊደርስዎ ይገባል፤ ማየት ከተሳንዎ በሚያነቡት መልክ ወይም በድምፅ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።