መልስ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ ወደ ሩቅ አገር የተላኩት ተክሎች ያን ሁሉ ወር ውሃ ሳይጠጡ እንዴት ቆዩ?

ያዳናቸው የታሸገ የመስታወት ሣጥን ነው። ጥያቄህ ላይ የሚያጠጣቸው ሰው አልነበረም ያልከው ልክ ነው፣ አላስፈለጋቸውማ። ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚተነው እርጥበት መስታወቱ ላይ ይጠራቀምና ተመልሶ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል። ጨዋማው የባሕር ነፋስም አይደርስባቸውም፣ በፊት ብዙ ተክል የሚፈጀው እሱ ነበር።

ይህን ዘዴ ያገኘው ናትናኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም ነው። በ1833 እ.ኤ.አ. ፈርን (አበባ የማያወጣ ቅጠላማ ተክል) እና ሣር በሁለት ሣጥን አድርጎ ወደ ሲድኒ ላከ፤ በሕይወት ደረሱ። ሣጥኖቹ ሲመለሱ ደግሞ የአውስትራሊያ ተክል ይዘው መጡ፣ ልውውጥ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው!

ቤትህ ልትሞክረው ካሰብክ፣ ብርሃን ይግባለት እንጂ የቀትር ፀሐይ ላይ አታስቀምጠው። እኔ እንዳየሁት ዝግ መስታወት ቶሎ ይግላል፣ ቅጠሉም ይቀቀላል።