ቶነሩ ፊደሉን የሚያገኘው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ሌዘር ፕሪንተር የሚጠቀመው ቶነር የሚባል ደረቅ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ፊደሉ ላይ ብቻ አርፎ ሌላውን ቦታ የሚተወው በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው ሌዘሩ ወረቀቱ ላይ የሚጽፍ ይመስለዋል፤ ጨረሩ ግን ወረቀቱን ከናካቴው አይነካውም። የሚያርፈው ድራሙ (በውስጡ የሚዞረው ሲሊንደር) ላይ ነው። የድራሙ ሽፋን በጨለማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ብርሃን ሲነካው ያሳልፋል።

በመጀመሪያ የቻርጅ ሮለሩ የድራሙን ገጽ በሙሉ ኔጌቲቭ 600 ቮልት አካባቢ ያደርሰዋል (ልኩ እንደ ማሽኑ ይለያያል)። ሌዘሩ ፊደሉ በሚወጣበት ነጥብ ላይ ሲበራ፣ የዚያ ነጥብ ቻርጅ በውስጥ በኩል ወዳለው ብረት ይፈስና ወደ 100 ይወርዳል። ቶነሩ ደግሞ ወደ ድራሙ ከሚያቀርበው ዴቨሎፐር ሮለርና ከብሌዱ (ከስሱ ምላጭ) ጋር ሲፋተግ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ዴቨሎፐር ሮለሩ የሚሠራው በሁለቱ መካከል፣ 350 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ቶነሩ 600 ካለው ይሸሻል፣ 100 ወዳለው ይሄዳል። ይህ የመካከለኛ ልክ ሲዛባ ወይም ድራሙ ሲያረጅ ነው ባዶ መሆን የሚገባው ቦታ ግራጫ የሚሆነው።

ከዚያ ወረቀቱ ሲያልፍ ከጀርባው ያለው ሮለር ፖዘቲቭ ቻርጅ ሰጥቶ ቶነሩን ከድራሙ ይስበዋል። እስከዚህ ድረስ ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የያዘው ቻርጅ ብቻ ስለሆነ እፍ ቢሉት ይበተናል። ፊውዘሩ (ማሞቂያው ክፍል) ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ግሎ ሲጫነው ነው በቶነሩ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር የሚጣበቀው። ድራሙ ላይ የተረፈውን ሌላ ብሌድ ይጠርገዋል።

በድሮው ፎቶ ኮፒ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከነጩ ወረቀት የሚንጸባረቀው ብርሃን የባዶውን ቦታ ቻርጅ ስለሚያጠፋ ቻርጁ የሚቀረው በፊደሉ ላይ ነው፤ ቶነሩም ተቃራኒ ቻርጅ ያስፈልገዋል። ቼስተር ካርልሰን በ1938 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ምስል ያወጣው በዚሁ መንገድ፣ ድኝ በተቀባ የዚንክ ሰሌዳ ነበር።

ጥያቄ፦ በምናትመው ገጽ ሁሉ አንድ ጥቁር ነጥብ በየ75 ሚሊ ሜትሩ ይደጋገማል። ቶነር ብንቀይር ይጠፋል?

መልስ፦ እንዲህ የሚደጋገም ነጥብ የሚመጣው ከሚዞር ክፍል ነው፤ ርቀቱ የአንድ ዙር ልክ ስለሆነ ለ3.14 ያካፍሉት፤ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ በብዙ ትናንሽ ፕሪንተሮች የድራሙ ውፍረት (ዲያሜትር) ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተጫረ ድራም ነው። ርቀቱ 94 ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር ድራም ማለት ነው። በደንብ እንዲለኩ ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ አራተኛው ለክተው ለሦስት ያካፍሉ። ድራሙ ከካርትሪጁ (ከቶነሩ መያዣ) ጋር አንድ ላይ ከሆነ ካርትሪጁን መቀየር ይበቃል፤ ለብቻው ከተገጠመ ግን ቶነር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ዴቨሎፐር ሮለሩ ከድራሙ በተለየ ፍጥነት ስለሚዞር የእሱ ጉድለት የሚደጋገምበት ርቀት በዚህ ስሌት አይገኝም። ለእሱ የማሽኑን የጥገና መመሪያ ይመልከቱ። ድራሙን ሲያወጡ በጨርቅ ሸፍነው ያስቀምጡት፤ ብርሃን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ በጣት ሲነካ ይለቃል፣ አንዳንዱ ገጽ ደግሞ ገርጥቶ ይወጣል። ጥፋቱ የቶነሩ ነው?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። የሚለቀው ፊውዘሩ በበቂ ሳይግል ሲቀር ነው። ወፍራም ወረቀት ከተጠቀሙ መጀመሪያ የወረቀቱን ዓይነት ከፕሪንተሩ ሴቲንግ ላይ ያስተካክሉ፤ ማሽኑ ያኔ ቀስ ይላል ወይም ሙቀት ይጨምራል። በተራ ወረቀትም ከለቀቀ ፊውዘሩ ይመርመር።

ለመገርጣቱ ወረቀቱ በግማሽ እንደገባ ክዳኑን ከፍተው ድራሙን ይዩ። ድራሙ ላይ ጥርት ያለ ምስል ካለና ወረቀቱ ባለፈበት በኩልም ያልተነሳ ቶነር ከቀረ፣ የተበላሸው ማስተላለፊያው (ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ሮለር) ወይም ወረቀቱ ነው። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ቻርጁን ስለሚያፈስ ቶነሩን መሳብ ያቅተዋል። ከአዲስ እሽግ ጥቂት ቅጠል አስገብተው ይሞክሩ፤ ከተስተካከለ የቀድሞውን ጥቅል ሌላ ሥራ ላይ ያውሉት። ድራሙ ላይም ምስሉ የገረጣ ከሆነ ያኔ ቶነሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።