ከተሻለኝ በኋላ መድኃኒቱን ላቁም?

ጥያቄ፦ ለሳንባ ምች ለ7 ቀን የሚወሰድ አሞክሲሲሊን ታዞልኝ በ4ኛው ቀን ትኩሳቱም ሳሉም ለቀቀኝ። የቀረውን ብተወው ጉዳት አለው?

መልስ፦ መሻልዎ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ የሕመሙ ስሜት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ባክቴሪያዎቹ ሙሉ በሙሉ ከመወገዳቸው በፊት ስለሆነ፣ ያዘዘልዎትን ሐኪም ሳያማክሩ እንዳያቋርጡ አጥብቀን እንመክርዎታለን። መድኃኒቱን ረዘም ላለ ጊዜ መውሰድ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው የቆየ አስተሳሰብም መታረም አለበት፤ ሳያስፈልግ በተራዘመ ቁጥር በሰውነታችን ውስጥ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የመላመድ ዕድላቸው ይጨምራል። ቶሎ ለሚያገግሙ ብዙ የሳንባ ምች ሕሙማን 5 ቀን በቂ ሆኖ ስለተገኘ ሐኪምዎ ሊያሳጥርልዎት ይችላል። ይህ ግን ለሁሉም ሕመም አይሠራም፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በወራት የሚቆጠር ሲሆን፣ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ለሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ፔኒሲሊን አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ቀን የሚታዘዘው የልብ ቫልቭን የሚጎዳውን የሩማቲክ ትኩሳት ለመከላከል ነው።

ፊትዎ ወይም ምላስዎ ካበጠ አለዚያም መተንፈስ ካቃተዎት፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሐኪሙ እንዲያቆሙ ከፈቀደልዎ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልግም፤ የተረፈውንም ለሌላ ጊዜ አያስቀምጡ።