ሶፍትዌሩ ሲታደስ የድሮው ክብ ለምን ተበላሸ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ባለ 3 አክሲስ ሲኤንሲ ሚሊንግ (በኮምፒውተር ትእዛዝ ብረት የሚቆርጥ ማሽን) አለን። በቅርቡ ኮምፒውተሩን ስንቀይር የካም ሶፍትዌሩንም (ከሥዕሉ ተነስቶ የማሽኑን ሥራ የሚያዘጋጀውን) ወደ አዲሱ ቨርዥን አሳደግነው። ከዚያ ለሸዋ ሮቢት የመስኖ ፓምፖች ደጋግመን የሠራነውን የፍላንጅ (ቧንቧ የሚገጠምበት ክብ ብረት) ፕሮጀክት ከፈትኩ። ቱልፓዞቹ (መቁረጫው ቱል የሚሄድባቸው መንገዶች) ላይ በሙሉ ቀይ ምልክት መጣ። እንደገና እንዲያሰላቸው አደረግኩ። ሲሙሌሽኑ ላይ ምንም እንከን የለም። ማሽኑ ላይ ብረት ሳላስር ስሞክረው ግን ቀጥታ መስመሩን ልክ ይሄድና የመሃሉ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ከፍላንጁ ወጥቶ ትልቅ ክብ ይዞራል። ገበሬዎቹ እየጠበቁን ነው። ፕሮጀክቱን ከዜሮ ልሥራው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከዜሮ አትጀምሪ። ብረት ሳታስሪ መሞከርሽ ደግሞ ቱሉንም ማሽኑንም አትርፏል፤ እጅሽ ይባረክ።

በመጀመሪያ የገበሬዎቹን ነገር እንጨርስ። ድሮ ያወጣችሁት ጂ ኮድ (ማሽኑ የሚያነበው የትእዛዝ ፋይል) ፍላሽ ላይ ወይም ማሽኑ ውስጥ ካለ በእሱ ሥሪላቸው። ማሽኑ ኮምፒውተር መቀየራችሁን አያውቅም። ብረቱ፣ የሞርሳው አቀማመጥ፣ የቱል ቁጥሮቹና የጂ54 ዜሮ ነጥብ (ልኬቱ ሁሉ የሚጀምርበት) እንደ ድሮው ከሆኑ ያ ፋይል ዛሬም ያንኑ ፍላንጅ ያወጣል። በመስኖ ወቅት የቆመ ፓምፕ የሚያደርቀው ሽንኩርት የእኛን ሶፍትዌር አይጠብቅም።

አሁን ወደ በሽታው። ቀጥታው ልክ፣ ክቡ ስህተት ማለትሽ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ሚሊሜትርና ኢንች ተቀያይሮ ቢሆን ቀጥታውም በ25.4 እጥፍ ይዛባ ነበር። ዜሮ ነጥቡ ቢሳሳት ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይሸሽ ነበር። ክቡ ብቻ ሲበላሽ የምጠረጥረው ፖስት ፕሮሰሰሩን (ባጭሩ ፖስት፤ የካሙን መንገድ ወደ ጂ ኮድ የሚተረጉመውን) ነው። አዲሱ ቨርዥን የራሱን ፖስት ይዞ መጥቷል። የእናንተ፣ ለማሽናችሁ የተስተካከለው፣ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል።

በቁጥር ላሳይሽ። የቀዳዳው መሃል ኤክስ 50 ዋይ 50 ላይ ነው እንበል። ራዲየሱ 30 ሚሊሜትር ነው፤ ቱሉ ዙሩን የሚጀምረው ከኤክስ 80 ዋይ 50 ነው። የድሮው ፖስት የክቡን መሃል ከመነሻው ነጥብ ለክቶ አይ -30፣ ጄ 0 ብሎ ይጽፋል፤ አይ የመሃሉ ልኬት በኤክስ፣ ጄ ደግሞ በዋይ አቅጣጫ ነው። አዲሱ ከዜሮ ነጥቡ ለክቶ አይ 50፣ ጄ 50 ይላል። ማሽናችሁ ግን የለመደው ከመነሻው መቁጠር ነው። ስለዚህ 80 ላይ 50፣ 50 ላይ 50 ይደምርና መሃሉን ኤክስ 130 ዋይ 100 ላይ ያደርገዋል። ራዲየሱም ከ30 ወደ 70.7 ያድጋል። ያየሽው ትልቅ ክብ ይኸው ነው። ክቡ ለሁለት ተከፍሎ ቢጻፍ ኖሮ መድረሻው አልገጥም ስለሚል አብዛኛው ኮንትሮለር (የማሽኑ መቆጣጠሪያ) አላርም ሰጥቶ ይቆም ነበር። ሙሉ ዙር ሲሆን ግን መነሻውና መድረሻው አንድ ነው፤ ዝም ብሎ ይዞራል።

ሲሙሌሽኑ ይህን ለምን አላሳየሽም? ብዙውን ጊዜ የካም ሲሙሌሽን የሚያሳየው ፖስቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለውን መንገድ ነው። የወጣውን ጂ ኮድ አያነበውም። ጂ ኮዱን ራሱን የሚያነብ እንደ ካሞቲክስ ያለ ነፃ ፕሮግራም ጫኚ። የድሮውንና የአዲሱን ፋይል ደግሞ በዊንመርጅ ጎን ለጎን ክፈቺያቸው፤ የተለያዩትን መስመሮች ቀለም ቀብቶ ያሳይሻል። የክብ ትእዛዝ የሆኑት ጂ2 እና ጂ3 ያለባቸውን መስመሮች አስቀድሚ። እግረ መንገድሽን ጂ43 (የቱሉን ርዝመት የሚያሳስብ ትእዛዝ) አጠገብ ያለው የኤች ቁጥር ከቱሉ ቁጥር ጋር መግጠሙን እዪ። ቱል ላይብረሪ (የቱሎቹ ዝርዝር) ሲቀየር እሱም አብሮ ሊቀየር ይችላል፤ እሱ ከተሳሳተ ቱሉ ሞርሳው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

መድኃኒቱ አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ፖስት ማውጣት ነው። ሃርድ ዲስኩን ማንም እንዳያጠፋው ዛሬውኑ ንገሪያቸው። አዲሱ ቨርዥን አሮጌውን ፖስት አልቀበልም ካለ፣ በአዲሱ ፖስት ውስጥ የክብ መሃል አጻጻፍን ከመነሻ ነጥብ እንዲለካ ቀይሪው። አንድ ነገር አደራ። ፖስቱን ትተሽ የማሽኑን ሴቲንግ እንዳትነኪ። አንዳንድ ሠራተኛ ማች 3 (ማሽን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር) ላይ አንድ ምልክት ቀይሮ ችግሩን የፈታ ይመስለዋል። በማግስቱ የድሮ ፋይሎቹ ክቦች በሙሉ እንደዚያው ይበላሻሉ።

ቀዩን ምልክት አትፍሪው። «እንደገና አስላኝ» ማለቱ ነው እንጂ ሥዕሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ግን ሌላ ፕሮጀክት ከመክፈትሽ በፊት ኮፒ አድርጊና ኮፒውን ክፈቺ። በአዲሱ ቨርዥን አንዴ ሴቭ ያደረግሽውን ፋይል አሮጌው አብዛኛውን ጊዜ አይከፍተውም።

ፖስቱ ሲስተካከል የጂ54ን ዜድ 50 ሚሊሜትር ከፍ አድርገሽ፣ ራፒዱን (ሳይቆርጥ የሚሄድበትን ፍጥነት) 25 በመቶ ላይ አውርደሽ፣ በሲንግል ብሎክ (መስመር በመስመር) አንድ ዙር አስኪጂው። እጅሽ ከማቆሚያው ቁልፍ አይራቅ። ክቡ ከገጠመ ዜዱን ወደ ቦታው መልሺና ብረቱን እሰሪ።